ከደሴ ሆኖ ለኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ ጆርናል ፔፐር መላክ፦ እንዴት አገኘሁት?

ስለ ሆቴል፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ልብስ ሰፊ አስተያየት እንሰጣለን። የጥናት ጽሑፍ የሚቀበል ጆርናልም አገልግሎት ሰጪ ነው። ሰው ልፋቱንና ስሙን ይዞ ይሄድበታል። እንዴት እንደተስተናገደ ቢናገር የሚቀጥለው ሰው ይጠቀማል።

እኔ ደሴ ውስጥ ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። የማጠናው ስለ ማስታወስ ችሎታ ነው። ከባልደረቦቼ ጋር የሠራነውን ጽሑፍ አውሮፓ ለሚታተም አንድ የኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ (ሰው እንዴት እንደሚያስብና እንደሚያስታውስ የሚያጠናው የሥነ ልቦና ዘርፍ) ጆርናል ልከን ነበር። የመስኩ ባለሙያዎች ጽሑፉን የሚፈትሹበት የመጀመሪያው ዙር ግምገማ አልፏል፤ አሁን ማስተካከያችን እነሱ እጅ ነው። ውሳኔ ስላልተሰጠበት የጆርናሉን ስም አልጠራም። ሂደቱን ግን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ።

አስተያየቴን ከፊት ላስቀድመው። ወድጄዋለሁ፤ ለማንም እመክራለሁ። ደሴ ተቀምጦ መላክ ይቻላል፣ ዘመድም ገንዘብም አይጠይቅም። የሚያደክመው ሲልኩ የሚሞላው ፎርም ነው። ለእኛ ስምና ለእኛ ፊደል ታስቦ አልተሠራም።

መጀመሪያ ጥናቱን በአጭሩ ላስረዳ፣ አለዚያ የሚቀጥለው ወሬ ስሜት አይሰጥም። ዲጂት ስፓን የሚባል የቆየ ፈተና አለ። ፈታኙ ቁጥሮችን አንድ በአንድ ይጠራል፣ ተፈታኙ በሰማው ቅደም ተከተል ይደግማል። ስንት ድረስ ይዘልቃል? ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰባት፣ ሲበዛ ዘጠኝ፣ ሲያንስ አምስት ብሎ ጻፈ። አላን ባድሊና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1975 ለመጥራት ረጅም ጊዜ የሚወስድ ቃል ሲሆን በቃል የሚያዘው ብዛት እንደሚያንስ አሳዩ። በእነሱ ስሌት ሰው የሚይዘው በሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ በአፉ ሊለው የሚችለውን ያህል ነው። ይህ ከሆነ ቋንቋ ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። ኤሊስና ሄነሊ በ1980 ዌልሽና (የዌልስ ቋንቋ) እንግሊዝኛ በሚችሉ ሰዎች ላይ ይህንኑ አዩ። ናቬ-ቤንጃሚንና ኤይረስ በ1986 እንግሊዝኛን፣ ስፓኒሽን፣ ዕብራይስጥንና ዓረብኛን አወዳደሩ። እንግሊዝኛ ከፍተኛውን፣ ዓረብኛ ዝቅተኛውን ቁጥር አስመዘገቡ።

አማርኛ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ጥሩና ስሙት። ከ"አንድ" እና ከ"ሶስት" በስተቀር ሁሉም ባለ ሁለት ክፍለ ቃል ናቸው፤ "ሁ-ለት" እንደምንለው በሁለት ተቆርጠው ይጠራሉ። በእንግሊዝኛ ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ክፍለ ቃል ያለው ሰባት ብቻ ነው። ደሴ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ የተመቸች ከተማ ናት። አንድ ተማሪ ቤቱ በአማርኛ ይቆጥራል፣ በልጅነቱ ቁርኣን ሲቀራ በዓረብኛ ቆጥሯል፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ሆኗል። ሦስቱንም ቋንቋ በአንድ ሰው ላይ ማወዳደር ይቻላል። እኛም ያደረግነው ይህንን ነው። ውጤቱ ሲታተም ታነቡታላችሁ።

ላቦራቶሪ የሚባል ነገር አልነበረንም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማዋ ስትያዝ የደረሰውን ዝርፊያና ውድመት የደሴ ሰው ያውቀዋል። የሠራነው በራሳችን ላፕቶፕ፣ ሳይኮፓይ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው። ፕሮግራሙን የጻፈልን ኮምቦልቻ የሚያስተምር ወዳጃችን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ ይመጣልን ነበር። ስሌቱን ጃስፕና አር በሚባሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ሠራነው፤ እነሱም ነጻ ናቸው። ይህን የምለው ውድ መሣሪያ የለንም ብለው የተዉ ሰዎችን ስለማውቅ ነው። ገምጋሚዎቹ አንድም ቦታ ላይ መሣሪያችንን አልነቀፉም።

አሁን ወደ መላኩ። የትኛው ጆርናል ይሻላል? ኢሜይላችንን በየቀኑ የሚያጥለቀልቁት "የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ በሳምንት ውስጥ እናትምልዎታለን" የሚሉትን ወዲያ በሉ። በሳምንት ውስጥ በቅጡ የተገመገመ ፔፐር የለም። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። የራሴን ማጣቀሻዎች እከፍታለሁ። ደጋግሜ የጠቀስኳቸው ጽሑፎች የታተሙት የት ነው? አንባቢዎቼ ያሉት እዚያ ነው። በእኛ መስክ ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታተመው ኮግኒሽን አለ። በ1973 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው፣ ሳይኮኖሚክ ሶሳይቲ የሚባለው የተመራማሪዎች ማህበር መጽሔት ሜሞሪ ኤንድ ኮግኒሽን አለ። የአውሮፓ የኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ ማህበር የሚያሳትመውና ማንም በነጻ የሚያነበው ጆርናል ኦፍ ኮግኒሽን አለ። ነጻ የሆነ ጆርናል እውነተኛ መሆኑን ለማጣራት ዶአጅ የሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ መኖሩን ማየት ጥሩ ጅማሬ ነው።

ገንዘቡ ብዙ ሰው የሚፈራው ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በደንበኝነት የሚነበብ ጆርናል ነው። ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው ምንም አይከፍልም፣ ክፍያው የአንባቢ ነው። ሌላው ለሁሉም ክፍት የሆነ ጆርናል ነው። እዚህ ክፍያ ካለ ወደ ጸሐፊው ይዞራል፣ በዶላር ወይም በዩሮ ሲታይም ያስደነግጣል። ነገር ግን ትልልቆቹ አሳታሚዎች የዓለም ባንክ ዝቅተኛ ገቢ ብሎ ከመደባቸው አገሮች ለሚመጣ ተጠሪ ጸሐፊ (ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈው) ክፍያውን ይተዉለታል። ለምሳሌ ስፕሪንገር ኔቸር ሙሉ በሙሉ ክፍት ለሆኑት ጆርናሎቹ እንዲህ ያደርጋል። ጥያቄው ግን ስትልኩ ነው የሚቀርበው፤ ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ "ክፈል" ሲሉ መለመን ብዙ ጊዜ አይሰራም። እኛ ፎርሙ ላይ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ምልክት አድርገን አንድ አንቀጽ ጻፍን፤ ወዲያው ተፈቀደልን። ማንም ደሞዝ ጠይቆን፣ ማንም ማስረጃ አምጡ ብሎን አያውቅም። ለማንበብም ቢሆን ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ፕሮግራም የኛ አገር ተቋማት ብዙ ጆርናል በነጻ ያገኛሉ። የተቋማችሁን ቤተ መጻሕፍት የይለፍ ቃሉን ጠይቁ።

ከዚህኛው በፊት የላክንበት ሌላ ጆርናል ነበር። እሱን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ወራት ሙሉ ዝም አለ። ሁለት ጊዜ በትህትና ጠየቅን፣ መልስ የለም። በመጨረሻ የመጣው ሁለት መስመር ነው፤ ናሙናው ከአንድ አገር ከተማ ብቻ ስለተወሰደ ለአጠቃላይ አንባቢ ፋይዳው ውስን ነው ይላል። ገምጋሚ ዘንድ እንኳን አልደረሰም። ይህን ምክንያት አልቀበለውም። ሄንሪክ፣ ሃይኔና ኖሬንዛያን እ.ኤ.አ. በ2010 በጻፉት ዝነኛ ጽሑፍ የሥነ ልቦና ሳይንስ አብዛኛው መረጃ ከምዕራባውያን፣ ያውም በብዛት ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሰበሰበ መሆኑን፣ እነዚህ ሰዎች ደግሞ የሰው ልጅን ለመወከል የማይመቹ መሆናቸውን አሳይተዋል። ከአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ የተወሰደ ናሙና "ሰው" ተብሎ ሲታተም፣ ከደሴ የተወሰደው "የደሴ ሰው" ከተባለ ችግሩ የጥናቱ አይደለም። እንዲህ ያለ መልስ የደረሳችሁ ካላችሁ ጽሑፋችሁን አትቅበሩት። ወደ ሌላ ላኩት። እኛም ያንኑ ጽሑፍ ነው የላክነው።

ወደ ፎርሙ እንምጣ። የመጀመሪያው መሰናክል ስም ነው። "የመጀመሪያ ስም" እና "የቤተሰብ ስም" የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ ሁለቱም ካልተሞሉ አያሳልፍም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባት ስም ነው ያለን። የአባቴን ስም ስሞላ ዓለም እኔን በአባቴ ስም ይጠራኛል ማለት ነው። ለእኔ ይህ ቀላል ነው። ሁለቱ ባልደረቦቼ ግን ሁለቱም አባታቸው አሊ ይባላሉ፣ ዝምድና የላቸውም። ፔፐሩ ሲጠቀስ "አሊ እና አሊ" ሊሆን ነው። ወሎ ውስጥ ይህ በጣም ተራ ነገር ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት አሊ፣ ስንት ሰይድ፣ ስንት መሐመድ አለ። መፍትሔው ኦርኪድ ነው። አሥራ ስድስት አሃዝ ያለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር ነው፣ ምዝገባው ነጻ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ስማችሁን አንዴ እንዴት እንደምትጽፉ ወስኑና ከዚያ በኋላ ፊደል አትቀይሩ። መሐመድን በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት መንገድ የጻፈ ሰው ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው።

ሁለተኛው ፊደል ነው፤ ይህን በቅርብ ላሳያችሁ። ሠንጠረዥ አንድ ላይ የቁጥሮቹን ስም በአማርኛ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ አስቀምጠን ነበር። ሲስተሙ የላካችሁትን ፋይል ራሱ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይረዋል፤ ያንን ከፍታችሁ ካላጸደቃችሁ ጽሑፉ ወደ ኤዲተር አይሄድም። ስከፍተው እንግሊዝኛው አምሮ ተቀምጧል። ዓረብኛውም አለ። አማርኛው ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን ነው። "ሁለት" ሦስት ሳጥን። "አምስት" አራት ሳጥን። የጥናቱ ልብ የሆነው ቋንቋ ጠፍቶ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ቆመዋል። ይህ የሚሆነው የነሱ ሰርቨር የግዕዝ ፊደል ፎንት ስለሌለው ነው። አቢሲኒካ ሲል የሚባለውን ነጻ ፎንት ተጠቅመን ወርድ ላይ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ እንዲከተት አደረግን። ይህም ሳይበቃ ሠንጠረዡን በጥራት ምስል አድርገን እንደ ሥዕል ጫንነው። ያኔ ፊደላችን ወጣ። ከእያንዳንዱ የአማርኛ ቃል ጎን በዓለም አቀፉ የድምፅ ምልክት አነባበቡን መጻፍም ግድ ነው፤ ገምጋሚው ፊደሉን አያነብም። ፒዲኤፉን ሳታዩ በፍጹም አታጽድቁ።

ሦስተኛው ገምጋሚ ጠቁሙ የሚለው ነው። ጆርናሉ ለግምገማ የሚመቹ ሰዎችን ስምና የተቋም ኢሜይል ይጠይቃል። ኮንፈረንስ ሄዶ ለማያውቅ ሰው ይህ በጣም ይከብዳል። ማንን አውቃለሁ? ማንንም። ነገር ግን መተዋወቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም የቅርብ ወዳጅና አብሮ የሠራ ሰው አይፈቀድም። በቅርብ ዓመታት በጉዳዩ የጻፉ ተመራማሪዎችን ከማጣቀሻችን መርጠን አስገባን። በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ከነአካቴው ቢቀር ይሻላል። ይበልጥ የሚጠቅመው ብዙ ሰው የሚያውቀውን ነው።

የቀሩትን በፍጥነት ልለፋቸው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከነደብዳቤ ቁጥሩ ጽሑፉ ውስጥ መግባት አለበት፤ መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት ያዙት። የተሳታፊዎችን ዕድሜ ስትሞሉ የልደት ዓመቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አጣሩ፣ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ቀልድ አይደለም። ጆርናሉ የጸሐፊውን ማንነት ለገምጋሚ የሚሰውር ከሆነ የተቋማችሁን ስም ከዘዴው ክፍልና ከፋይሉ መረጃ ውስጥ አውጡ። ጥሬ መረጃችንን ስም አልባ አድርገን ኦኤስኤፍ በሚባለው የጥናት መረጃ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አስቀመጥነው፤ ማንነት የማያሳይ ሊንክ ይሰጣል። መላምታችንንም መረጃ ከመሰብሰባችን በፊት እዚያው መዝግበን ነበር። ይህ ብዙ ረድቶናል። ስማችንን ለማያውቅ ኤዲተር የምናቀርበው ትልቁ ምስክር ቀን የተጻፈበት መዝገብ ነው።

መጫኑን በሌሊት ሠራሁት፣ ኔትወርኩ ያኔ ይሻላል። መብራት መሀል ላይ ሄደ። ሲስተሙ እያንዳንዱን ገጽ እያስቀመጠ ስለሚሄድ ግን ስመለስ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ለዚህ አንድ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ጆርናሉን ያስወደደኝ። የኤዲተሩ የመጀመሪያ ኢሜይል ስሜን ሙሉውን ጠርቶ ነው የሚጀምረው። ጽሑፉን አንብቦታል። የአማርኛ ቁጥሮች በዚህ መልክ ተጠንተው እንደማያውቅ ጠቅሶ ለሁለት ገምጋሚ እንደላከው ነገረኝ። ሲዘገይም ሳልጠይቀው "ሁለተኛውን ገምጋሚ እየጠበቅን ነው" ብሎ ጻፈ። አንድ መስመር ናት፤ ግን ወራት ሙሉ ዝምታ ለቀመሰ ሰው ትልቅ ነገር ናት።

የገምጋሚዎቹ አስተያየት ረጅም ነበር። ሲታይ ያስፈራል። ሳነበው ግን እውነተኛ ትምህርት ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያው ገምጋሚ ክፍለ ቃል መቁጠር አይበቃም አለ። ሰዎቹ በትክክል ምን ያህል ፈጥነው እንደሚጠሩት ለኩ። "ስድስት" እና "ስምንት" ላይ መሀሉ ይጠብቃል፤ ይህ ጊዜ ይጨምራል ወይ? አማርኛ የማይችል ሰው ይህን ከድምፅ ምልክቱ አይቶ መጠየቁ ደስ አለኝ። ሁለተኛው ገምጋሚ ደግሞ ልማድን አነሳ። ተማሪው ዕለት በዕለት የሚቆጥረው በየትኛው ቋንቋ ነው? ፈጥኖ የሚጠራው ቃሉ አጭር ስለሆነ ነው ወይስ ስለለመደው?

ስለዚህ ተማሪዎቹን መልሰን ጠርተን ድምፃቸውን ቀዳን። ክፍሉ መንገድ ዳር ነው፤ የባጃጅ ድምፅ ይገባል፣ አዛን ሲሆን እናቆማለን፣ ሲያልቅ እንቀጥላለን። አንድ ተማሪ አልረሳውም። በዓረብኛ ቁጥሩን ሲጠራ በዜማ ነው የሚለው፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ይጨርሰዋል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ጠየቅኩት። "ቲቸር፣ እሱን እኮ አፌ ራሱ ነው የሚቆጥረው" አለኝ። ገበያ ላይ ብር ስትቆጥርስ? "በአማርኛ ነዋ!" የሁለተኛው ገምጋሚ ጥያቄ ትክክል እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በየቋንቋው ምን ምን እንደሚቆጥሩ የሚጠይቅ አጭር መጠይቅ ጨመርን፤ ጽሑፉ አሁን ከመጀመሪያው እጅግ የተሻለ ነው። ይህን ምክር በገንዘብ ልግዛው ብል አቅሜ አይችልም። ጆርናሉ በነጻ ሰጠኝ።

መልሱን ስትጽፉ የገምጋሚውን እያንዳንዱን አስተያየት ገልብጡ፣ ከሥሩ መልሳችሁን አስቀምጡ፣ የተቀየረውን ቦታ በገጽና በመስመር ቁጥር አመልክቱ። የማትስማሙበት ካለ በጨዋነት ምክንያቱን ጻፉ። እኛ በአንድ ነጥብ አልተስማማንም። ገምጋሚው ዓረብኛውን አውጡት፣ ጽሑፉ ይቀልላል ብሎ ነበር። የወሎን ተማሪ ያለ ዓረብኛው ማጥናት ግማሹን ሰው ማጥናት ነው ብለን መለስን። ኤዲተሩ ተቀብሎታል። ለማስተካከያው የተሰጠን ጊዜ አልበቃን ሲል በአንድ ኢሜይል ተራዘመልን።

በአምስት ኮከብ ይለካ ከተባለ አራት እሰጣለሁ። ለኤዲተሩና ለገምጋሚዎቹ አምስት ሙሉ፤ አንዱን ያጎደለው የስም ሳጥኑና ፊደላችንን የሚበላው ፒዲኤፍ ነው። ሁለቱንም ጉዳይ ከነምስሉ አያይዤ ለኤዲተሩ ጽፌለታለሁ። ለቴክኒክ ክፍሉ እንዳስተላለፈው በማግሥቱ መልሶልኛል። ደሴም ኮምቦልቻም ሆናችሁ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ መረጃ ያላችሁ ባልደረቦች፣ የሽፋን ደብዳቤያችንንና የመልስ ሰነዳችንን አቀማመጥ ለማየት የፈለጋችሁ ቢሮዬ ኑ፤ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።